ውይይትን የሚዳኝ ቋንቋውን ይወቅ!

የይዘት ቁጥጥር ማለት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጡ ጽሑፎችን፣ ምስሎችንና አስተያየቶችን መርምሮ የሚነሳውን የማንሳት፣ የሚቆየውን የማቆየት ሥራ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አገልግሎት ሰጪ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሱ ይጠብቃል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰውም እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊደርስበት እንደሚችል ይደነግጋል። ሰዓቱና ቅጣቱ በዚህ ልክ ተቆርጠው ሲቀመጡ፣ ጥቆማውን ተቀብሎ የሚወስነው ሰው አማርኛን፣ አፋን ኦሮሞን ወይም ትግርኛን ማወቅ እንዳለበት ግን አልተነገረም።

ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። «አረሙ ይነቀል» የሚለውን ቃል በሐምሌ ማሳው ዳር የቆመ ገበሬ ሲናገረው የዕለት ሥራው ነው፤ በአንድ ሰው ፎቶግራፍና በሚኖርበት ሰፈር ስም ሥር ተጽፎ ሲገኝ ግን የግድያ ጥሪ ይሆናል። ቃላትን እየለቀመ የሚያጣራ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁለቱን ስለማይለይ፣ አንድም የገበሬውን ያጠፋል፣ አንድም ጥሪውን ያሳልፋል፤ ሰምና ወርቅ በለመደ ቋንቋ ደግሞ ስህተቱ የበዛ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ወቅት በፌስቡክ የተሰራጩ ጽሑፎች ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት ሆነዋል በሚል፣ የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ ሲመሠረት፣ ከከሳሾቹ ጥያቄዎች አንዱ በቂ ተቆጣጣሪዎች እንዲቀጠሩ የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው።

በአንጻሩ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ፣ ገደቡ አምስት ወራት ያህል ዘልቋል። ይህ ቁጥጥር ሊባል አይችልም፤ ገደብን አልፎ የሚያስገባውን ቪፒኤን የተባለ መተግበሪያ መጠቀም የቻለው መጻፉን ሲቀጥል፣ በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴና ልጇ ዓረብ አገር ያለባት እናት ግን ከሌላው ጥፋት የተነሳ ዝም እንዲሉ ተደርገዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን፣ ማለትም ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በባለሥልጣን እንዲታይ ማስገደድን፣ በማንኛውም መልኩ ከልክሎ፣ እንደ ጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫ ያሉትን ለይቶ በሕግ መገደብ እንደሚቻል ሲያስቀምጥ፣ የአገርን ሁሉ አንደበት በአንድ ጊዜ መዝጋትን አልፈቀደም።

ስለዚህ ይህ ጋዜጣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን አሻሽሎ፣ ጽሑፉ የተነሳበት ሰው ምክንያቱን በራሱ ቋንቋ የማወቅና ይግባኝ የማለት መብት እንዲኖረው እንዲያደርግ፣ ኩባንያዎቹም በእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ቋንቋ ስንት ተቆጣጣሪ እንዳላቸው በየዓመቱ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ድንጋጌ እንዲጨምር ይጠይቃል። አንባቢያንም የሪፖርት ቁልፉን የማይስማሙበትን ሰው ለማስወገድ በቡድን ከመጫን ተቆጥበው፣ ጥቃት የሚጠራውን ጽሑፍ ሲያዩ ግን ሳይዘገዩ ይጠቁሙ።