የውድድር ቀንና ጠባየ አየር

ስለ መኪና ውድድር የሚነገረው ከሞላ ጎደል ሁሉ ስለ ነጂው ድፍረትና ስለ ሞተሩ ኃይል ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ግን፣ ነጂው መሪውን ከመጨበጡ፣ መካኒኩም ሞተሩን ከማስነሣቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ፣ የውድድሩን ቀን የቆረጠው ሰው ከውጤቱ እኩሌታውን ወስኖታል። ክረምትና በጋ ጊዜያቸውን ጠብቀው የሚመላለሱ፣ አስቀድመውም የሚታወቁ ናቸውና፣ በዝናብ አመካኝተን የምናልፈው ጥፋት ብዙው ቀን የቆረጠው ሰው ጥፋት ነው እላለሁ።

ለዚህ አሳብ ምስክር ፍለጋ ከጥሊሊ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የደጋ ከተማ ክረምቱ ብርቱ ነው፤ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ይላቁጣል፣ ጉሙም መንገዱን ይሸፍናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ግን፣ ፈረሶች በዓድዋ ጦርነት ለአገር የዋሉትን ውለታ የሚዘክርበትን በዓል በየዓመቱ የሚያከብረው ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ቀኑ የተመረጠው ለበዓሉ ክብር ቢሆንም፣ የሚውለው ሊቃውንቱ ሐጋይ ብለው በሚጠሩት፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በሚዘልቀው ወቅት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ መሬቱ ጠጥሮ ኮቴን ይሸከማል፤ ጉግስ የሚጫወተው ፈረሰኛ በሽምጥ እየጋለበ መጥቶ ልጓሙን ስቦ ሲያዞር፣ የፈረሱ የኋላ እግር መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ያው ጨዋታ በነሐሴ ቢደረግ አሳዳጁም ተሳዳጁም ከነፈረሳቸው በጭቃው ላይ በተዘረሩ ነበር።

የመኪናውም ጎማ የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። በደረቅ ቀን የሚገጠመው የውድድር ጎማ ምንም ጎድጎድ የሌለበት ልሙጥ ነውና፣ አስፋልቱ ላይ ስስ ውሃ በተኛ ጊዜ ውሃው መውጫ አጥቶ ጎማውን ከመንገዱ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ መሪውም ፍሬኑም ከንቱ ይሆናሉ። ጎማ ሠሪው ፒሬሊ ለከባድ ዝናብ የሚሠራው ጎማ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሴኮንድ 85 ሊትር ያህል ውሃ ከሥሩ ያስወጣል፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ውሃ ተበትኖ ወደ አየር ስለሚነሣ፣ የፊተኛውን ነጂ ከመንሸራተት ያዳነው መድኃኒት የኋለኛውን ዓይን ያሳውረዋል። ስለዚህ የጎማ ሠሪዎች ጥበብ ምንም ቢራቀቅ፣ ክፉ የተቆረጠን ቀን ሊያቃናው አይችልም።

ከፍታም የራሱ ፈተና አለው። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ መሳሳት የሞተርን ኃይል ይቀንሳል፤ 2,500 ሜትር ገደማ በምትገኘው በእንጅባራ ደግሞ አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል፣ ፍሬኑም ቶሎ አይበርድም። ይህ ግን በየዕለቱ የማይለዋወጥ በመሆኑ መካኒኩ አስቀድሞ ይዘጋጅበታል፤ የታወቀ ችግር እኩሌታው የተፈታ ነውና።

እርግጥ ነው፣ ዝናብ የተሰወረን ችሎታ ይገልጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 በሞናኮ የመኪና ውድድር፣ ከ13ኛ ተራ የተነሣው ወጣቱ ብራዚላዊ አይርተን ሴና፣ ደካማ በነበረው የቶልማን መኪና ወደ ሁለተኛነት ደርሶ መሪውን አላን ፕሮስትን ሊይዘው ሲቃረብ፣ ውድድሩ በዝናቡ ምክንያት ተቋርጦ የ31 ዙር ውጤት ተቆጠረ፣ ነጥቡም በግማሽ ታደለ። አሸናፊው ፕሮስት 4 ነጥብ ተኩል ተቀበለ፤ በዓመቱ ፍጻሜ ግን የዓለም ሻምፒዮንነትን ለኒኪ ላውዳ የለቀቀው በግማሽ ነጥብ ነበር። ውድድሩ ተፈጽሞ ሁለተኛ ቢወጣ እንኳ 6 ነጥብ አግኝቶ ዘውዱን በደፋ ነበርና፣ ያን ቀን ያገኘው ድል ራሱ ጎዳው።

ከዚህ የከበደው ፍርድ በዚሁ አቆጣጠር በ2014 በጃፓን ሱዙካ የወረደው ነው። ታይፎን እየቀረበ፣ ብርሃንም እየደከመ ሳለ ፈረንሳዊው ዡል ቢያንኪ ከመንገድ የወጣ መኪና ለማንሣት ከገባ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ፤ በሚከተለውም ዓመት ዐረፈ። አደጋውን የመረመረው ጉባኤ ነጂው ፍጥነቱን በሚገባ አለመቀነሱን ቢገልጥም፣ ውድድር ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ 4 ሰዓት አስቀድሞ እንዲጀመር፣ የውድድሮችም ቀን በተቻለ መጠን ከየአገሩ የዝናብ ወቅት ውጭ እንዲሆን መከረ። የጥር ፈረሰኛ በልማድ ያገኘው ጥበብ ለታላቁ የመኪና ስፖርት የተነገረው ለሞት ያበቃ አደጋ ከደረሰ በኋላ ነበር።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 የተጀመረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ጠቅሶ ይሞግተኝ ይሆናል፤ ያ ውድድር በፋሲካ ሰሞን፣ በዝናቡ ወራት ይካሄድ ነበርና። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች፣ በ1968ም ከ93ቱ፣ ለፍጻሜ የበቁት ሰባት ሰባት ብቻ ሲሆኑ፣ በሁለቱም ጊዜ ኒክ ኖዊኪ በፔጆ 404 አሸንፏል። ይህ ምሳሌ ግን ክርክሬን ያጸናልኛል፤ በዚያ ጭቃው የፈተናው ዋና ክፍል መሆኑን ነጂው አውቆ ገብቷል፣ መኪናውም ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለጽናት ተሰናድቷል። ልዩነቱ ዝናብን አስቦ በመምረጥና ዝናብ ሳይታሰብ በመያዝ መካከል ነው።

እንግዲህ በደጋው አገራችን የመኪና ወይም የሞተር ሳይክል ውድድር ለማሰናዳት የሚነሡ ሁሉ፣ ስለ ሽልማቱና ስለ እንግዶቹ ወንበር ከመምከራቸው በፊት የዝናቡን ወራት ይመርምሩ። ሐጋይን ከመረጡ አቧራ እንዳለበት አይርሱ፤ አቧራም ዓይን ያሳውራልና መንገዱን ውሃ ያርከፍክፉ። ዝናብን ከመረጡ ደግሞ አስቀድመው ለነጂዎቹ ይንገሩ፣ የማቋረጫውንም ሕግ ይጻፉ፣ ሐኪሙንም ያቅርቡ። ይህን ሳያደርግ ቀን የቆረጠ ሰው፣ አደጋ ሲደርስ ሰማዩን ሊከስ አይገባውም።