ስለ ጎረቤት መሬት መሟገት ይቻላልን?

አንባቢ ሆይ፤ በአባቶቻችን ዘመን አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ የማያውቃቸውን ሰዎች ጠብ እንኳ ለማስቆም ይችል ነበር። ዛሬ የሕግ ዐዋቂዎች «የሕዝብ ጥቅም ክስ» የሚሉት የዚህ ልማድ ዘመድ ነው፤ ይኸውም ጉዳቱ በራሱ ላይ ያልደረሰ ሰው ወይም ማኅበር ስለ ብዙዎች ሆኖ መክሰሱ ነው። ዳሩ ግን ያው መንገደኛ የርስት ሙግት ሲያጋጥመው ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ርስቱን የሚሟገት ባለቤቱ ወይም ወኪሉ፣ ዋስ ጠርቶና ምስክር ቆጥሮ ነበርና።

ይህ ልዩነት ዛሬም በሕጋችን ውስጥ አለ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የወጣ ቆሻሻ ወደ ቦርከና ወንዝ ገብቶ እዚህ ሐርቡ ላይ ከብት ጎዳ እንበል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ፈቀደ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ቅር ካሰኘው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አንዲት ላም የሌለው ተማሪ እንኳ ስለ ወንዙ ይናገራል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በዚያው ወንዝ ዳር የአንዲት ባልቴት ማሳ ድንበሩ ተገፋ፣ ወይም በይዞታ ደብተሩ ላይ የሌላ ሰው ስም ገባ እንበል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስላለ፣ ያ ተማሪ «እኔም ከሕዝቡ አንዱ ነኝ» ብሎ ሊከስ ይችላልን? አይችልም። መሬቱ የሁሉ ቢሆንም ይዞታው የእርሷ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 33 በነገሩ ጥቅም የሌለውን ሰው ከሳሽ አያደርገውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ማኅበር ስለ አባሎቹ፣ የቡድን ተወካይም ተመሳሳይ ጥቅም ስላላቸው ሰዎች እንዲከስ ፈቀደ እንጂ፣ በሩን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አልከፈተም።

ይህ የሕጉ ጭካኔ ነውን? አይደለም። የወንዙ ብክለት ለሁሉም አንድ ነው፤ የመሬት ክርክር ግን እንደየማሳው ይለያል። አንዱ በውርስ፣ ሌላው በስጦታ፣ ሦስተኛው በፍቺ ይመጣል። ብዙ ጊዜም ሁለቱ ወገኖች እኩል ድኾች፣ እንዲያውም እኅትና ወንድም ናቸው። ከሁለቱ «ሕዝብ» የሚባለው የትኛው ነው? ደግሞም ባዕድ ሰው ስለ ባልቴቷ ተከራክሮ ቢረታ፣ እርሷ ቃሏን ሳትሰጥ መሬቷ ይሄዳል። በሕንድ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስለ ድኾች የተጻፈለትን ተራ ደብዳቤ እንኳ እንደ ክስ እየተቀበለ ዝናን አተረፈ፤ ሆኖም በማስረጃ የሚጣራው የይዞታ ክርክር ወደ መደበኛው ፍትሐ ብሔር ችሎት መሄዱ አልቀረም።

እርግጥ ነው፣ መንግሥት ለፋብሪካ ወይም ለባቡር ሐዲድ መሬት ሲወስድ የካሣው አሠራር የብዙዎች የጋራ ጥያቄ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ አብሮ መክሰስ ይጠቅማል። ነገር ግን ያን ጊዜም እያንዳንዱ ባለይዞታ መሆኑን በየራሱ ማስረዳት አለበት። የጋራው ክስ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ባለች ደብተር ላይ ይቆማል።

እንግዲህ ተማሪው ወንድሜ፤ ለዕረፍት ወደ ቤትህ ስትሄድ የእናትህን የይዞታ ደብተር አውጥተህ አንብብላት። ስሟና ፎቶግራፏ ከአባትህ ጋር መኖሩን፣ አዋሳኞቹም በትክክል መጻፋቸውን ተመልከት። አንተም በቀበሌ መዝገብ ፊት የተቀመጥህ ወጣት ጸሐፊ፤ ዛሬ በችኮላ የምትጽፈውን ስም ነገ የትኛውም በጎ አድራጊ ማኅበር በክስ ላያቃናው እንደሚችል አትርሳ።