በቍጥር የተገባ ውል በቍጥር ይመርመር

ድልድይ ያሠራ ሹም፥ ሥራው ሲያልቅ መርምሮ ቢረከበውም፥ ጐርፍ በመጣ ጊዜ ሁሉ ምሰሶውን ሳያስመለክት አይቀርም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ በርክክቡ ቀን ብቻ ይፈተንና ማኅተም ከተደረገበት በኋላ ጠያቂ ያጣል። ይህ ልማድ መታረም የሚገባው ነው።

መሥመር ሊጨናነቅ፥ መሣሪያም ሊበላሽ ስለሚችል፥ የፕሮግራም ውል ፍጹምነትን አያዝም፤ የጉድለትን ዕድል በቍጥር ይወስናል እንጂ። ለምሳሌ ከ1,000 ጥያቄ 999ኙ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መልስ ያገኛል ይላል። እንዲህ ያለው ውል በአንድ ስሕተት ፈረሰ፥ በአንድ ቀን መልካም ሥራም ጸና አይባልም። ጉድለቱ ከ1,000 ከአንድ እንደማይበልጥ ከመቶ 95 እጅ ለመተማመን፥ 3,000 ያህል ጥያቄዎች ያለ አንዳች ጉድለት ሲመለሱ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ድምር የሚሰውረው ጉዳት ነው። የአንድ ሆስፒታል ፕሮግራም እስከ ትናንት 1,000,000 ጥያቄ በደኅና መልሶ፥ ዛሬ ጧት የቀረቡለትን 500 ጥያቄዎች በሙሉ ሳይመልስ ቢቀር፥ ጠቅላላው ድምር አሁንም ከመቶ 99.95 እጅ ደኅና ነው ያሰኛል። ቍጥሩ ውሉ ተጠብቋል ሲል፥ በሽተኛው ግን በደጅ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ የቅርቡ ጊዜ ሥራ ለብቻው ተለይቶ ሊቈጠር ይገባል።

መንገዱም አዲስ አይደለም። አብርሃም ዋልድ የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ ለጦር መሣሪያ ምርመራ የሚሆን ሥርዐት አዘጋጀ፤ ይኸውም ናሙናው አንድ በአንድ ሲመጣ ማስረጃውን እየመዘኑ፥ በበቃ ጊዜ የሚፈርዱበት ነው። ዛሬም በዚህ ሥርዐት ፕሮግራሙ ሥራውን ሳያቋርጥ ውጤቱ እየተቈጠረ፥ ውሉ ተጠብቋል፥ ወይም ፈርሷል፥ ወይም ማስረጃው ገና አልበቃም ለማለት ይቻላል። ሦስተኛው መልስ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሳያውቁ ከመፍረድ ይሻላልና።

ቈጠራው ፕሮግራሙን ጥቂት ያዘገየዋል የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው። ነገር ግን የዘገየ ሥራ ይታያል፤ የተሰወረ ጉድለት ግን የሚታወቀው ሰው ከተጐዳ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሹማምንት ውል ሲፈርሙ፥ የሚፈቀደውን ጉድለት ልክ ብቻ ሳይሆን፥ ማን እንደሚቈጥር፥ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚቈጠር፥ ወሰኑ ሲታለፍም ለማን እንደሚነገር አስቀድመው ሊያስጽፉ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ይሆናል።