ዕጣ የሰጠን ወገን

በትምህርት ቤቶች የክርክር ውድድር ተከራካሪ የፈለገውን ወገን አይመርጥም። ርዕሱ ይነበባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ መሆንህ ይነገርሃል። ብሪቲሽ ፓርላሜንታሪ በሚባለው ስልት ለመዘጋጀት 15 ደቂቃ፣ ለመናገር 7 ደቂቃ ይሰጥሃል። «ልጄን ያላመነበትን እንዲናገር ያስተምሩታል እንዴ?» ብለው የሚከፉ ወላጆች አጋጥመውኛል። እኔ ከእነዚያ የውድድር ዓመታት ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ይኸው ዕጣ ነው።

አንድ ቅዳሜ የደረሰን ርዕስ «የመሀል ከተማ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው እንደ አዲስ ይሠሩ» የሚል ነበር። ዕጣችን ደጋፊ ሆነ። አብራኝ የምትከራከረው ጓደኛዬ የካዛንቺስ ልጅ ናት፤ በ2017 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ቤተሰቦቿ ገላን ጉራ ገብተዋል። ርዕሱ ሲነበብ ፊቷ ተለዋወጠ። ወረቀቱን ዝም ብላ ስታየው ቆየችና መጻፍ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ የሚያዝበት የጋራ ሽንት ቤት። ክረምት በገባ ቁጥር ከሚያፈሰው ቆርቆሮ ሥር የሚደረደር ባልዲ። የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መተላለፊያ። እኔ ከጋዜጣ ልለቃቅም ያሰብኩትን እሷ ኖራበታለች። ሰፈሯን ስለምትወድ ግን ይህን ጉዱን ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም።

እየተናገረች ሳለ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ተነሥቶ «እድሩስ? ቡና የሚጠራራው ጎረቤትስ?» አላት። ዕጣው ቢገለበጥ እሷም የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። «ልክ ነህ» አለችው። «ቤት ሲፈርስ እድር አብሮ መፍረስ የለበትም። ስለዚህ ሰፈር ሲነሣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይለያይ፣ ተማሪም ከትምህርቱ ሳይስተጓጎል ይነሣ።» ያን ዙር ተሸንፈናል። ይሁንና ስለ ካዛንቺስ በታክሲም በካፌም ከሰማሁት ሁሉ ያቺን 7 ደቂቃ የሚስተካከል አላገኘሁም።

ሙግት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በላ ልበልሃ እያሉ፣ ውርርድ እየገቡ ዳኛ ፊት የሚሟገቱ ሰዎች ልጆች ነን። ሆኖም ያ ተሟጋች የቆመው ለራሱ ወይም ለወከለው ሰው ነው፤ የባላጋራውን ጉዳይ ተሸክመህ ተናገር የሚለው አልነበረም። በሰልፍ ሜዳ ያደግንበት «ከዕውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል» ደግሞ ጭብጨባ የበዛለት የሚረታበት ነው።

ካዛንቺስ ያለበት ቂርቆስ ራሱ ትልቅ ክርክር ያስተናገደ ክፍለ ከተማ ነው። በግንቦት 1955 በአፍሪካ አዳራሽ የተሰበሰቡት መሪዎች የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው ተከፋፍለው ነበር የመጡት። የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማ አህጉሩ ባስቸኳይ የአንድነት መንግሥት ያቋቁም አሉ፤ አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ይሁን አሉ። የንክሩማ ሐሳብ አላለፈም፤ ግንቦት 17 የተመሠረተውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ከፈረሙት 32 መሥራች አገሮች አንዷ ግን ጋና ናት። እዚያው አካባቢ የምንማር ልጆች ይህን ያወቅነው ለፈተና በሸመደድነው ማስታወሻ ነው። ሁለቱን ወገኖች በዕጣ ተከፋፍለን ብንሟገትባቸው ኖሮ የሁለቱም ጭንቀት ይገባን ነበር።

የሚቆጨኝ ቋንቋው ነው። የተካፈልኩባቸው ውድድሮች በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ ስለዚህ መድረኩ ምላሱ ለእንግሊዝኛ ለተፍታታለት የግል ትምህርት ቤት ልጅ ያደላል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጅ የበሰለ ሐሳብ ይዞ ቃል ሲያጣ፣ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ጓደኛዬም ያን ቀን ማስታወሻዋን የጻፈችው በአማርኛ ነበር፤ ወደ እንግሊዝኛ ስታዞረው ስለ ባልዲው የጻፈችው ሳይነገር ቀረ። የአማርኛ ዙር ይጨመር። ፈቃደኛ መምህር፣ ሰዓት ያዥና ቅዳሜ የሚከፈት አንድ ክፍል ከተገኘ ለመጀመር በቂ ነው። በቂርቆስ የሚሞክረው ርዕሰ መምህር ካለ እኔ በዳኝነት እቀመጣለሁ፤ ጓደኛዬም ከገላን ጉራ ድረስ እመጣለሁ ብላለች።