ዝናቡ ከአላህ ነው፤ መሬቱ ግን አማናችን ነው



በጋው ጠንክሮ ምንጭ ሲነጥፍ «ዝናብ ጠፋ» እንላለን፤ እጃችንንም ለዱዓእ እናነሳለን። ዱዓው ትክክል ነው። ምክንያቱን ሁልጊዜ ሰማይ ላይ መፈለጋችን ግን ትክክል አይመስለኝም።

በሱረቱል ሙእሚኑን 18ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ስለ ውሃ ሦስት ነገር ያስታውሰናል፦ ከሰማይ በልክ እንደሚያወርደው፣ በምድር ውስጥ እንደሚያስቀምጠው፣ ሊወስደውም ቻይ እንደሆነ። እኛ የምናስተውለው መውረዱን ብቻ ነው። መቀመጡም ግን ራሱን የቻለ ኒዕማ ነው።

ይህን ለመረዳት ጉናን ማየት ይበቃል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ ላይ ጓሳው ባልተነካበት ቦታ ዝናቡ ቀስ ብሎ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። በአፈሩና በተሰነጠቀው ዓለት ውስጥ ወራት ቆይቶም በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ከጉና ተነስተው በፎገራ በኩል ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም ዓባይ ይወጣል። ዛሬ ሩዝ የሚበቅልበት የፎገራ ሜዳም ወንዞቹ ለዘመናት ከደጋው ባወረዱት ደለል የዳበረ ነው።

ቁልቁለቱ ሲራቆት ነገሩ ይገለበጣል። 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ነው። ካልሰረገ አፈሩን ይዞ ይሮጣል። ያን ጊዜ ያው ዝናብ ከላይ ምንጭ ያደርቃል፣ ከታች ጎርፍ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። የተራቆተ ቁልቁለት እንዲህ ያለውን አደጋ ያባብሳል።

«ዝናብ የአላህ ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን እናደርጋለን?» የሚል ይኖራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ባለግመሉን ያስተማሩት መጀመሪያ ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ እንዲመካ ነው። እርከን መሥራትም ግመልን ማሰር ነው።

ለጀመዓችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በበጋው እረፍት ወደ ቀያችን ስንመለስ ከገበሬው ጋር ለተፋሰስ ሥራ እንውጣ። የምህንድስና ተማሪዎች የእርከኑን መስመር በውሃ ልክ በመለካት ልንረዳ እንችላለን፤ መስመሩ ካዘመመ እርከኑ ራሱ የጎርፍ ቦይ ይሆናልና። ሁለተኛ፣ በክረምት አገር በቀል ችግኝ እንትከል፤ ምንጭ ራስ ላይ ግን ባሕር ዛፍ አይሁን። ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት በሐዲስ ተነግሮናል። ሦስተኛ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ነበር። እስቲ ቧንቧውን ዘግተን በአንድ ሃይላንድ ውሃ ውዱእ ማድረግን እንልመድ።

ለኢስቲስቃእ ስንቆም የምንለምነው የሚወርደውን ዝናብ ነው። የሚያስቀምጠውን መሬት እንድንጠብቅ ደግሞ አማናው የተሰጠው ለእኛ ነው፤ ስለዚህም እንጠየቃለን።

ወሏሁ አዕለም።