የሰማይ መንገድና የድሮን ሕግ

ጥበብ በፈጠነ ጊዜ ሕግ እንዳይዘገይ፤ ሕግም በታደሰ ጊዜ ሠራተኛው እንዳይዘነጋ ያስፈልጋል። ድሮን የሚባለው ሰው የማይሳፈርበት ትንሽ አይሮፕላን ዛሬ ድልድይ ይመረምራል፤ እርሻ ይለካል፤ ፎቶግራፍም ያነሣል። በዚህ ሥራ የሚነግድ ሰው ግን ሰማዩ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ማሰብ ይገባዋል።

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ለዚህ ንግድ ጠቅላላ ደንብ ያቆሙት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓመት ነው። ደንቡም አብራሪው ፈተና እንዲያልፍ፤ ድሮኑ ከነጭነቱ ከ25 ኪሎ እንዲያንስ፤ በጠቅላላው ከመሬት ከ120 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይወጣ፤ ከአብራሪውም ዓይን እንዳይሰወር አዘዘ። የሌሊት በረራ በመጀመሪያ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ በ2021 ግን ተገቢውን ትምህርት ለፈጸመና ከሩቅ የሚታይ መብራት ላደረገ ተፈቀደ። ደግሞም ድሮኑ ማንነቱንና ያለበትን ስፍራ በራዲዮ ምልክት እንዲያስታውቅ ታዘዘ፤ ይህንም በመተላለፍ መቀጣት ከማርች 2024 ጀመረ።

እንግዲህ ደንቡ በአንድ ወገን ላላ፤ በሌላው ወገን ጠበቀ። ይህ የሐሳብ መወላወል አይደለም፤ ነፃነቱ የሰፋው ጥንቃቄው በተረጋገጠበት መጠን ነውና።

ጥንቃቄ ሲጐድል የሚመጣውን ጉዳት በጃንዋሪ 2025 የሎስ አንጀለስ ቃጠሎ አሳይቷል። አንድ ሰው በረራ በተከለከለበት ሰማይ ድሮኑን ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ልኮ ከዓይኑ ስለ ጠፋበት፤ ድሮኑ እሳት ለማጥፋት ከካናዳ ከመጣ፤ ሁለት ሰዎች ከተሳፈሩበት አይሮፕላን ጋራ ተጋጨ። ሰዎቹ በደኅና ቢያርፉም ክንፉ ስለ ተበሳ አይሮፕላኑ ለጥገና ከሥራ ቆመ። ቤቱ ለሚቃጠልበት ሕዝብ የአንድ አይሮፕላን መጕደል ቀላል ነገር አይደለም። ያ በረራ የንግድ ባይሆንም ትምህርቱ ለነጋዴውም ነው።

ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል። ቤቱ የራሱ ቢሆንም የሌላው ነፍስ በእጁ ነው። የድሮን ባለቤትም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣን ደንብ በለወጠ ጊዜ ከሚጸናበት ቀን አስቀድሞ በግልጽ ቋንቋ ማስታወቅ ይገባዋል፤ የማይታወቅ ሕግ ቅንን ሰው ያጠምዳልና። አብራሪውም ፈቃዱን ተቀብሎ በሣጥን ማኖር አይበቃውም። የአሜሪካ ደንብ ዕውቀቱን በየ24 ወሩ እንዲያድስ ያስገድደዋል፤ በየበረራውም አስቀድሞ የዕለቱን ክልከላ መመርመር አለበት። የትናንት ፈቃድ የዛሬን መተላለፍ አይሸፍንም።