ችግኝ መቁጠር ይብቃን

ከዴንቨርና ከአውሮራ ለአገር ቤት ደን ገንዘብ የምናዋጣ ሁሉ፣ «ስንት ችግኝ ተተከለ?» የሚለውን ጥያቄ እንተወው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አውጇል። ሙግቴ ከቁጥሩ ሳይሆን ከመለኪያው ጋር ነው፤ ችግኝ የሚመዘገበው በወጪ ዓምድ ነውና።

በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ገበሬ አሲዳማ በሆነው መሬቱ ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘመድ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱንም መልሶ ለጤፍ ያውላል። ለዚህ የገፋፋው ዘመቻ ሳይሆን የከተማ ከሰል ገበያ ነው። (አንድ ዝርያ ብቻ መትከል በሽታ ይጋብዛል፤ ደርሶበታልም።)

እዚያው አዊ፣ እንጅባራ ላይ፣ ቀርከሃው ይህ ዕድል አልገጠመውም። ግንዱ በሦስት ዓመት ገደማ ይጠነክራል፤ የበሰለውን እየመረጡ በየዓመቱ መቁረጥ ይቻላል። በመድኃኒት ካልተነከረ ግን ነቀዝ ይፈጀዋል፤ ስለዚህ አጥርና ርካሽ ወንበር ሆኖ ይቀራል። እኛ ኮሎራዶ ውስጥ የምናነጥፈው የቀርከሃ ወለል ደግሞ በአብዛኛው ከቻይና የመጣ ነው። እንጅባራ የጎደላት መንከሪያ ገንዳ፣ ማድረቂያና ቋሚ ገዥ ነው። መዋጮ የሚጠይቀንን ሁሉ እንጠይቀው፦ ግንዱን ማን ይገዛዋል? በስንት?